ሁለት ቤት በአንድ አንቴና

አንቴናውን ያቆምነው እኔና አበልጄ ነን። እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለታችንም የክት ጋቢያችንን እንኳ አላስቀመጥንም። ዘንጉ የውኃ ቧንቧ ነው፤ አንድ የጎሚስታዬ ደንበኛ ከፈረሰ ቤት አምጥቶ የሰጠኝ። ሽቦውን እሱ ገዛ። የተከልነው በእኔ ጣራ ጥግ ነው፣ የእኔ ጣራ ከፍ ስለሚል። ከአናቱ የሚወርደው ሽቦ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በእኔ መስኮት ይገባል፣ አንዱ ግድግዳውን ተሻግሮ ወደ እሱ ቤት ይሄዳል። የሰፈሩ ፌዘኞች «አንዲት ላም ለሁለት ጥጃ» አሏት፣ ስሙም ጸና። ነፋስ ሲያጋድላት «ላሟ ዞረችባችሁ» ይሉናል። እኔ ጣራ ላይ እወጣለሁ፣ እሱ ደጅ ቆሞ «ትንሽ ወደ ሥላሴ፤ በዛ፣ ወደ ጊዮርጊስ መለስ ያድርጓት» እያለ ያዞረኛል። ምስሉ ሲጠራ ሁለት ቤት በአንድ ጊዜ «እሰይ» ይላል።

ይኼ በደርግ ጊዜ ነው። ቤቶቻችን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ሲወጡ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተካፈሉ ናቸው። እኔ ከድልድዩ አጠገብ ጎማ እጠግን ነበር። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለች በረንዳ ላይ ነበረች። አፉ ጣፋጭ ነው። የቀበሌው የሸማቾች ሱቅ ኮሚቴ ውስጥም ስለነበረ የሚናገረው ይሰማለታል። የእሱን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። የእኔን ሴት ልጅ ያነሳቻት የእሱ ሚስት ናት። ከዚያ ወዲያ እሱና እኔ «አንቱ» ነው የምንባባለው። ተጣልተን አናውቅም። አበልጅ ከአበልጁ አይጣላም፣ መሀል እግዜር ገብቷል፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ጉራጌ አገር ናት፣ ከዚያ ወጥታ አታውቅም። ሁለት ወንዶች ነበሯት። ትልቁን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ሄዶ ቀረ። ትንሹን እኔ ዘንድ ሆኖ እንዲማር በልጅነቱ ነው የላከችልኝ። ትምህርቱን ጨርሶ አንድ የፈረንጆች የእርዳታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲሠራ ነበር። የትልቁ መርዶ ከተነገረ በኋላ እህቴ በአውቶቡስ መጣች። የልጁን እጅ ያዘችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አንዱን መንግሥት ወሰደብኝ» አለች። «ይኼን ላንተ ሰጥቼሃለሁ። ቢጠፋ መንግሥትን አልጠይቅም፤ አንተን ነው የምጠይቅ።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ የልጁም ስም ቀበሌ ለውትድርና ተጠራ። እኔ ለሰፈሩ ሁሉ «ጅማ ቡና መጋዘን ሥራ አግኝቶ ሄደ» ብዬ አወራሁ። ልጁን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አስገባሁት። ለአበልጄም አልነገርኩትም። ሳላምነው ቀርቼ አይደለም። ሰው የማያውቀውን ሲጠየቅ ፊቱ አይለዋወጥም ብዬ ነው።

ሰው መደበቅ ቀላል አይምሰላችሁ። ሚስቴ ሸሚዙን ከእኔ ሸሚዝ ጋር አታሰጣም፤ ውስጥ ነው የምታደርቀው። እንጀራ ከወትሮው በልጦ እንዳይታይ ሊጡን ቀን ለይታ ነው የምታቦካው። ሳል ሲመጣበት ትራስ ይነክሳል። ሽንት ቤት የሚወጣው ሲጨልም፣ የሚስቴን ነጠላ ተከናንቦ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሚስቴ መስሎት «እንዴት አመሹ» ቢለው ጎንበስ ብሎ አለፈ። እሱን እያነሳን ስንት ቀን ሳቅን፣ አፋችንን በእጃችን ይዘን። ሬዲዮ እንዳይከፍት ከለከልኩት፣ ቀን እኛ የለንምና። መጽሐፎቹን ደጋግሞ ጨረሰ። ቀኑ አላልቅ አለው። ፊቱ እንደ ጓዳ ሽንኩርት ነጣ።

ያን ጊዜ ነው ያንን ዕቃ ያወጣው። መሥሪያ ቤቱ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሰጠው ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አኑሮት ነበር። ሳየው የጽሕፈት መኪና ነው፣ ግን ቁልፎቹ ብቻ ቀርተው ሌላው ገላው የተቆረጠ ይመስላል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት።

«ኮምፒዩተር ነው ጋሼ።»

«ፊቱ የታለ?»

«ፊት የለውም። ፊቱ ቴሌቪዥን ነው።»

«የማን ቴሌቪዥን?»

ዝም ብሎ ሳቀ። ሚስቴም ሳቀች። ያ ልጅ ከገባ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ «እሺ» አልኩ።

ቴሌቪዥኔን እወደው ነበር። አንድ ግሪክ ደንበኛዬ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ የተወልኝ ነው፤ አራት እግር አለው፣ እንጨት የለበሰ ነው። ሚስቴ ቀን ቀን ዳንቴል ታለብሰዋለች። ጣቢያው የሚሠራው ከመሸ ነው፤ ቀን ቢከፍቱት ከጫጫታና ከነጭ ነጠብጣብ በቀር ምንም የለውም። ልጁ ዳንቴሉን ገልጦ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው አጥፍቶ ከጀርባው ገባ። ከጀርባው የአንቴናው ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለት ብሎኖች አሉ። ብሎኖቹን ላላ አድርጎ የእሱን ሽቦ ከአንቴናው ሽቦ ላይ ደርቦ አሠረው። የአንቴናውን አልነቀለም፣ ማታ ፕሮግራም ሲጀምር እንዳያስቸግረን። ትንሽ አዟዟረና መስተዋቱ ላይ አንድ ጥቁር ካሬ መጣ፣ ብልጭ ድርግም የሚል።

«ይኼ የምትጽፈው ነገር» አልኩት፣ «እዚያ ጣቢያው ድረስ አይሄድም?»

«የት ይሄዳል ጋሼ» አለኝ። «ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

አመንኩት። እሱም ያመነውን ነው የነገረኝ። ቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ አንደኛው ምስጢር ጠባቂ ያ ቴሌቪዥን መሰለን። አይናገር፣ አይሸት፣ አያስል።

ዕቃው የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። ልጁ የእኛን ፊደል ለማስተማር ተነሳ። ሴቶች ትራስ ላይ ጥልፍ እንደሚጠልፉ፣ ነጥብ በነጥብ አድርጎ ነው የሚሠራው። «ሀ» ስትታይ ለማየት ሚስቴ ሽሮዋን እሳት ላይ ትታ መጣች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከአሮጊቶች ጋር ቀበሌ አዳራሽ ቁጭ ብዬ ነው። እስከ ዛሬም ቶሎ አላነብም፣ ጣቴን ካላስከተልኩ ይጠፋብኛል። ልጁ ይኼን ያውቃል። ከጎሚስታ ስመለስ መስተዋቱ ላይ ተለቅ ባለ ፊደል ጽፎ ይጠብቀኛል። «ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ ስንት ጎማ ነፉ» ይላል። እኔ ጣቴን መስተዋቱ ላይ አድርጌ አነባለሁ፣ ቀስ ብዬ በሹክሹክታ እመልስለታለሁ። አንድ ቀን «ጋሼ እጅዎን ይታጠቡ ማስቲሽ ይሸታሉ» ብሎ ጽፎ ሚስቴ ወገቧን ይዛ በሳቅ ወደቀች። ከዚያ የፕሮግራሙ ሰዓት ሲደርስ ያጠፋዋል፣ ዜናው ይገባል።

በእነዚያ ሳምንታት ነው አበልጄ ውኃው ቧንቧ ጋ አግኝቶ የጠየቀኝ።

«አበልጅ፣ የእርስዎ ቴሌቪዥን ቀን ቀን ምን ያሳያል?»

«ምን ያሳያል፣ አቧራ ነዋ።»

«የእኛ እኮ ወደ ማታ አካባቢ አንድ አንድ ነገር ያደርገዋል።»

«አርጅቷላ» አልኩት። «ያቃዠዋል።»

«ልክ ነዎት፣ ሳያቃዠው አይቀርም» አለ። ተሳስቀን ተለያየን። ባልዲዬንም እሱ ነው ያሸከመኝ።

የወሰዱት ቅዳሜ ነው። ቶሎ ዘግቼ ገብቼ ነበር። ልጁ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ «ጰ»ን እየሠራ ነው፤ ያቺ ፊደል ብዙ አስቸግራዋለች። በሩ ሲንኳኳ መጋረጃው ጀርባ ገባ፣ ሚስቴ ዳንቴሉን መስተዋቱ ላይ ጣል አደረገች። ሦስት አብዮት ጥበቃዎች ነበሩ። አንዱን አውቀዋለሁ፣ ብስክሌቱን የማበጅለት ነው፤ ዓይኔን አላየኝም።

ሰው ሲፈለግ አልጋ ሥር ይታያል፣ ጣራ ይታያል። እነዚህ ምንም አላዩም። አለቃቸው ቀጥ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። መዳፉን አናቱ ላይ አሳረፈ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ።

«ሞቋል» አለ። ዳንቴሉን ገለጠው። ጰ ግማሽዋ ተሠርታ መስተዋቱ ላይ ቆማለች። «ቴሌቪዥን ላይ የሚጽፈው ልጅ የታለ?»

እኔ «የምን ልጅ» ልል አፌን ስከፍት ልጁ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። «እኔ ነኝ» አለ። የሚስቴን ክንድ ይዘዋት ስለነበር ነው የወጣው። ጫማውን እስኪያስር ጠበቁት። ዕቃውን ከነሽቦው ነቅለው በዚያው በጨርቁ ጠቀለሉት። ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረና «ጋሼ፣ ለእናቴ ቶሎ አይንገሯት» አለኝ። በቃ፣ ይኼው ነው።

በሩ ሲዘጋ ሚስቴ መሬት ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ራሴ ውስጥ የሚዞረው ነገር አንድ ነው። ልጁ መኖሩን ሰው ሊጠረጥር ይችላል፤ ሳል ሰምቶ፣ ጥላ አይቶ። ቴሌቪዥን ላይ እንደሚጽፍ ግን ማን አየ? ያንን መስተዋት ያየ ከሦስታችን በቀር ሰው የለም። ልጄ ባል አግብታ ሌላ ከተማ ናት። ደጃችን እንኳን እንግዳ፣ ሚስቴ ያሳደገቻት ድመት አልገባችበትም።

መልስ ሳላገኝ ተነሳሁ። ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር ገብቶ የሚናገርልኝ ሰው ያስፈልገኛል፣ ያም ሰው አበልጄ ነው። ግድግዳውን ዞሬ ወደ ቤቱ ሄድኩ።

ሌላ ጊዜ እግሬ ደፉን ሳይረግጥ ሚስቱ ወንበር ትስብልኛለች። ያን ዕለት አልተነሳችም። እሱ ሶፋው ላይ ነው። የሚስቱ እናት፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት፣ እንደ ልማዳቸው በርጩማቸውን ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ገና ፕሮግራም የለውም።

«አበልጅ፣ ልጁን ወሰዱት» አልኩ። «አሁኑኑ ከሊቀ መንበሩ ይግቡልኝ። እህቱ ያለ እሱ ልጅ የላትም ይበሉልኝ።»

«የትኛውን ልጅ?» አለ፣ ምንጣፉን እያየ።

«የእህቴን ልጅ ነዋ።»

«ጅማ ነው ብለውኝ አልነበር?»

አፈርኩ። እንዴት ብዬ ላስረዳው ስል አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዛሬስ ጸሐፊው ምነው ቀረ?» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን ፊደሉን ሲተክለው ደስ ይለኛል። አንድ በአንድ ነው፣ እንደ ጎመን ችግኝ።»

«እማዬ» አለች ልጃቸው።

«ምን አልኩ? እናንተ አይደላችሁም እንዴ የምታነቡልኝ፣ ጋሼ እንኳን ደህና መጡ የሚለውን?»

ሽቦውን አየሁት። ከመስኮቱ ገብቶ፣ በግድግዳው ጥግ ወርዶ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይገባል። ያን ሽቦ እዚያ ጥግ ላይ በምስማር የመታሁት እኔ ነኝ። የአበልጄ ቴሌቪዥን ከእኔም የባሰ ያረጀ ስለሆነ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ለዚህ ነው ፕሮግራም ከመጀመሩ ብዙ ቀደም ብለው የሚከፍቱት። ልጁም ፕሮግራም እስኪጀምር ነው የሚጽፈው። ከእኔ ቴሌቪዥን ጀርባ የደረበው ሽቦ ጽሑፉን በአንቴናው ሽቦ አሳብሮ ወደ ጣራ አውጥቶታል፣ ለሁለት ከሚከፈልበት ላይ አዙሮ እዚህ ቤት አውርዶታል። ልጁ ከክፍሉ አይወጣም ያለው ነገር በየቀኑ ጎረቤት ሲያመሽ ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከፍልሰታ ወዲህ ነው፣ አይደለም?» አሉ አሮጊቷ።

ሳምንታት ሙሉ ማለት ነው። እኔ ከሥራ ስገባ ልጁ ሲቀበለኝ፣ እነዚህም አብረው ሲያነቡ ነበር። ማስቲሽ ይሸታሉ ሲለኝም አንብበው ሳይስቁ አልቀሩም። ሌላ ምንም ሳልጠይቅ መሄድ እችል ነበር። ግን ጠየቅሁ።

«አበልጅ፣ የነገሯቸው እርስዎ ነዎት?»

«በሩን ዝጊው» አላት ሚስቱን። ከዚያ እጁን እያሻሸ ተናገረ። «ኮታው አልሞላም አሉ። የእኔን ልጅ ጠሩት፤ የእርስዎን የክርስትና ልጅ። ገና ጢሙ እንኳን አልበቀለም። ሌላ የሚሄድ ካለ አምጣ አሉኝ። ምን ልበል?»

«ምን አልክ?»

«አንቱ» ቀርቶ «አንተ» አልኩት። ከክርስትናው ቀን ወዲህ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝ።

«የተጠራ አለ፣ አልሄደም አልኩ። የጠራሁት እኔ አይደለሁም፣ መጀመሪያውኑ የተጠራ ነው።»

«ያለበትንም ነገርክ። በምን እንደሚጫወት ሁሉ ነገርክ።»

«እርስዎስ? ዓይኔን እያዩ ጅማ ነው አላሉኝም? አበልጅዎን አላመኑም። እኔ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ሳምንታት ሙሉ ዝም ብያለሁ፣ ቤቴ ምስክር ነው። ልጄን እስኪጠሩት ድረስ ትንፍሽ አላልኩም።»

«ሽቦውን ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል ብትለኝ እነቅለው ነበር።»

አሁንም ድረስ የማልለቅለት ይቺን ነው። ቧንቧው ጋ ሲጠይቀኝ ያውቅ ነበር። የተሳሳቅን ቀን ያውቅ ነበር። ለክፉ ቀን እንደሚቀመጥ ገንዘብ ልጄን ይዞ ሲጠብቅ ነበር።

«ያተረፍኩት እኮ የእርስዎንም ልጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከጥምቀቱ ውኃ የተቀበሉት እርስዎ ነዎት። እሱ ቢሄድ አያለቅሱም ነበር?»

«አለቅስ ነበር» አልኩት። «ባለቅስም ከእጅህ ሰርቄ አልተካውም ነበር።»

ወጣሁ። ቤት ገብቼ ፒንሳዬን ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁ። ግቢው ሁሉ ደጅ ቆሞ ያያል። ወደ እሱ የሚሄደውን ሽቦ ከሥሩ ቆረጥኩት። አንዱ ፌዘኛ ከታች «ላሟ አንዱን ጥጃ ጡት አስጣለች» አለ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እህቴን ሄጄ በአፌ ነገርኳት። ጎጆዋ ውስጥ ምሰሶውን ተደግፋ ሰማችኝ።

«ማን ነው የጠቆመበት?»

«አበልጄ።»

«አበልጅህ» አለች። እኔን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። የክርስትና ልጄ ግቢው ውስጥ እያደገ፣ ትከሻው እየሰፋ አየሁት። በበዓል ጉልበቴን ሊስም ሲመጣ ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ልጁ ምን አደረገ ትሉ ይሆናል። ምንም አላደረገም። ግን ባየሁት ቁጥር የማየው የሌላውን ቦታ ነው። አባቱ በቀርከሃ የራሱን አንቴና አቆመ። ነፋስ ሲጥለው ብቻውን ሲወጣ ሲወርድ እሰማለሁ። አልረዳሁትም። የእድሩ ድንኳን ሲተከል እንኳ እሱ ገመዱን ከያዘበት ወገን አልቆምም ነበር።

ከእህቴ ልጅ አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይመጣል። ሚስቴ ከበሶ ጋር መልስ ትልክለታለች። እኔ ጣቴን እያስከተልኩ አነባለሁ፣ ደህና ነኝ ይላል፤ ደህና መሆኑን እንኳ ሰው አንብቦ ነው የሚያልፈው በዚያ ጊዜ።

አንድ ቀን ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ስፈልግ አንድ የሰፈር ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ጠራኝ። «ሰውዬ፣ ልጅህ ገብቷል» አለ። እጄን ሳልጠርግ ዳገቱን ወጣሁ። ቤቴ ገባሁ፣ የለም። ሚስቴም የለችም። ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ሰማሁ። ሳቁን አወቅሁት።

እዚያ ነበር። አበልጄ ቤት፣ ሶፋው ላይ። የሰውዬው ሚስት በሳፋ ለብ ያለ ውኃ እግሩን ታጥበዋለች። ግራ እግሩ ቀጥኗል፣ ከቀኙም ያጥራል፤ ከዘራው ጎኑ ተቀምጧል። የክርስትና ልጄ ፎጣ ይዞ ቆሟል። ሚስቴም አለች፣ አጠገባቸው። አበልጄ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፣ ሳይቀመጥ። ልጁ ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ» አልኩትና አቀፍኩት። አጥንቱ ቆረቆረኝ።

«እቤትህ ሳትገባ?» አልኩት ጆሮው ሥር።

«ሄጄ ነበር፣ ተዘግቶ አገኘሁት ጋሼ። እትዬ እዚህ ነበረች።»

ሚስቴን አየኋት። መሬት አየች።

«ተነስ እንሂድ።»

«ውኃው ይለቅ ጋሼ» አለኝ፣ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «በሶውን እኮ እነሱም ይልኩልኝ ነበር። ከእትዬ ጋር አብረው።»

ለካ ሁለቱ ሴቶች አንድም ቀን አልተለያዩም። እኔ ሽቦ ስቆርጥ እነሱ በእኔ ጓዳ በር በሶ ሲፈጩ ኖረዋል። እኔ ሳነበው የነበረው ደብዳቤ ለሁለት ቤት የተጻፈ ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ ልጁ በግልጽ ነገረኝ። «እኔ ባልሄድ እሱ ነበር የሚሄደው። እሱ ከኔ ያነሰ ነው። ቢሄድ ይመለስ ነበር ብለው ያስባሉ?»

«ይሂድ ነበራ» አልኩት።

«ይኼን ከልብዎ አይሉትም።»

«ከልቤ ነው። ስሙ የወጣ ይሄዳል። ያንተን እኔ ደብቄያለሁ፤ የእሱን አባቱ ይደብቅ። መደበቂያ ጠፍቶበት ነው? የኔን መደበቂያ ነው የሸጠለት።»

«እኔ ቂም የለኝም ጋሼ። ቂም ብይዝ ኖሮ ወደዚህ ግቢ አልመለስም ነበር።»

ለአንድ ወር አልጨቀጨቀኝም። ከዚያ ሽማግሌ ላከብኝ፤ የገዛ ልጄ። የንስሐ አባቴና የእድሩ ዳኛ መጡ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። አበልጅነት አይሻርም፣ የተበደለው ራሱ ይቅር ካለ አንተ ምን ቤት ነህ አሉኝ።

«እኔ የምለው ይኼ ነው» አልኳቸው። «ልጁ እግሩን ይቅር ይበል፣ እግሩ የሱ ነው። ከኔ የተሰረቀው ግን እግር አይደለም። እህቴ እጄ ላይ ያስቀመጠችው ነው። እሱን ልጁ ሊምርልኝ አይችልም።»

የንስሐ አባቴ አዝነው ሄዱ። ልጁም እናቱ ዘንድ ሄዶ ሊያርፍ ተነሳ። ሲሰናበተኝ ግንባሬን ሳመኝ። ወደ አበልጄ ቤትም ገብቶ ተሰናበተ፤ ወጥቶ እስኪያልፍ ከመስኮቱ ዞር አልኩ።

ከመስቀል ሰሞን በኋላ የአገሬ አውቶቡስ ረዳት ጎሚስታዬ ድረስ መጥቶ ሁለት ጥቅል ሰጠኝ። ቅቤ ነው፣ በኮባ ቅጠል የታሰረ። «እህትህ ናት የላከችው» አለ። «አንዱ ያንተ፣ አንዱ የአበልጅህ።»

«የማን?»

«የአበልጅህ። ደግማ ነው የነገረችኝ።»

በሁለት እጄ መዘንኳቸው። እኩል ናቸው። እንዲያውም የእሱ ትንሽ ሳይበልጥ አይቀርም። ማን እንደጠቆመበት የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በዚያች ጎጆ ውስጥ፣ ስሙን በአፌ ጠርቼ። አሁን እያወቀች ነው የላከችው።

የእሱን ጥቅል ቤት ወስጄ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። «እዚያ ይቆያል» አልኩ። ሚስቴ «ቅቤ እኮ ይበላሻል» አለች። «ይበላሽ» አልኳት። ስለሱ ዳግመኛ አላነሳንም።

አንድ ማታ እራት ቀርቦልኝ ስቀመጥ ከግድግዳው ወዲያ ቅቤ ሲቁላላ ሸተተኝ። የከተማ ቅቤ አይደለም። ኮሰረቱን የምታገባው እህቴ ናት፣ ከእናታችን የተማረችው ነው፤ የትም ቢያሸቱኝ አይጠፋኝም። አንገቴን ቀና አድርጌ ቁም ሣጥኑን አየሁ። አናቱ ላይ የቅጠሉ ክር ብቻ ቀርቷል።

ሚስቴ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

«በልቻለሁ» አልኳት።